አሳንሰርና ክብረ ሽምግልና በአቃቂ ቃሊቲ

በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር የጋራ መኖሪያ ቤት ለሚሹ ነዋሪዎች መዝገብ በከፈተ ጊዜ ተሰልፎ ስሙን ያስጻፈ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ዛሬ ሰባን ተሻግሯል። ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ዕጣ ወጥቶለት በቱሉ ዲምቱ ወይም በቂሊንጦ፣ በገላን ወይም በኮዬ ፈጬ የአራተኛ ፎቅ ቤት ቁልፍ ሲረከብ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ነገር ግን እርሱ ቤቱን ሲጠብቅ ጉልበቱ እርሱን አልጠበቀውም። ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለአረጋውያን የሚሆን አሳንሰር ስለ መምረጥ የሚነሣው ነገር፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ለሠሩ ጥቂት ባለጸጎች ብቻ የሚተው ሳይሆን የብዙ ሺሕ ደረጃ ወጪዎችን ኑሮ የሚነካ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአንዱ ፎቅ ከፍታ ሦስት ሜትር፣ የአንዱ ዕርከን ከፍታ ደግሞ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከደጅ እስከ ቤቱ ሰባ ያህል ዕርከን ይወጣል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ያንኑ ሰባ ዕርከን ጀሪካን አንጠልጥሎ የሚወጣበት ቀን ጥቂት አይደለም። የ20/80 መርሐ ግብር ሕንፃዎች ባብዛኛው ከምድር ቤት በላይ በአራት ፎቅ ተወስነው ያለ አሳንሰር የተሠሩት፣ ወጪያቸው ዝቅ ብሎ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተ ሰብ ከዋጋው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር እየከፈለ የቤት ባለቤት እንዲሆን ታስቦ ነው። መጠለያ ላጣ ሕዝብ መጠለያ መስጠት ይቀድማልና ይህን አሳብ አልነቅፈውም፤ የማዝነው፣ ሕንፃው ሲነደፍ ነዋሪው ዘመኑን ሁሉ ጎልማሳ ሆኖ የሚኖር ይመስል መታሰቡን ነው። በዕጣው ቀመር ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞችም 5 በመቶ ሲመደብ ለሽምግልና የተቆረጠለት ድርሻ አልነበረም፤ ለደካማ እግር የሚስማማው ምድር ቤትም በብዙ ብሎኮች ለንግድ ተለይቶ በጨረታ ተሸጠ።

አቃቂ በባቡር ሐዲድ ዳር የበቀለች የፋብሪካ ከተማ ነበረች። በጨርቃ ጨርቁና በብረታ ብረቱ ሥራ ቆመው ዕድሜያቸውን የፈጁ ወንዶችና ሴቶች፣ በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ጉልበታቸውና ወገባቸው ያን ሁሉ የቁመት ሥራ በየማለዳው ያስታውሳቸዋል። እንዲህ ያሉት እናት ኪዳን ሳያስደርሱ፣ ቅዳሴ ሳያስቀድሱ መዋል የማይሆንላቸው የነበሩ ሲሆን፣ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን የሚገናኙት በዓመት በዓል ብቻ ነው፤ የንስሐ አባታቸው ጠበል ይዘው ወደ ላይ ይወጡላቸዋል እንጂ እርሳቸው ወደ ታች አይወርዱም። ሙስሊሙም አዛውንት የጁምዓ ሶላት አምልጧቸው፣ ከጀማዓው ተለይተው ዙህርን በክፍላቸው ይሰግዳሉ። የደም ግፊት ቀጠሮ ይታለፋል፤ የጎረቤት ልቅሶ ሳይደረስ ይቀራል፤ ይህም በእኛ ዘንድ ሰውን ከሰው ቍጥር የሚያጎድል ብርቱ ሐዘን ነው። በወንጌል የተነገረለት መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋው ላይ የቀረው ውኃው ርቆበት አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነው። ይህን ታሪክ በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት በየዓመቱ የምንሰማ ሁሉ፣ ከራሳችን ብሎክ በላይኛው ፎቅ ሰው አጥቶ የተቀመጠ መኖሩን ልንጠይቅ ይገባናል።

አሳንሰር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያየው መስተዋቱንና መብራቱን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ እላለሁ። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ባለሙያውም በከተማችን የማይገኝ አሳንሰር፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ለአረጋዊ አይሆንም፤ ምክንያቱም እርሱን ተማምኖ አራተኛ ፎቅ የተቀመጠ ደካማ፣ መሣሪያው ለወራት በቆመ ጊዜ ከቀድሞው የባሰ እስረኛ ይሆናል። ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ በየወሩ የሚደረገው ምርመራ፣ በአዲስ አበባ መጋዘን የሚቀመጠው መለዋወጫና ጥሪ ከደረሰ በኋላ ባለሙያው የሚመጣበት ሰዓት ተቆርጦ ይግባበት፤ ሻጩ ይህን ለመፈረም ቢያመነታ ገዢው ሌላ ሻጭ ይፈልግ።

ከዚህ ቀጥሎ ስፋቱ ይታሰባል። ውስጡ 1.1 ሜትር በ1.4 ሜትር የሆነና 630 ኪሎ ግራም የሚያነሣ ክፍል ተሽከርካሪ ወንበርን ከነደጋፊው ይይዛል፤ በሩ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ 90 ቢሆን የተሻለ ነው። የሚጫኑት ቁልፎች ተቀምጦ በሚደረስበት ከፍታ፣ ከወለሉ ከ90 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይሁኑ፤ ቍጥራቸውም ዓይኑ ለደከመ የጎላ፣ በጣትም የሚዳሰስ ይሁን። ለቪላ የሚቀርቡት ክብና ጠባብ የመስተዋት አሳንሰሮች ለዓይን ያምራሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ተሽከርካሪ ወንበር አያስገቡም፤ ዛሬ በከዘራ የሚሄድ ሰው ነገ በወንበር ሊገፋ ይችላልና ልጆች ለወላጆቻቸው ሲገዙ የነገውን ያስቡ። በደረጃ ጠርዝ በሐዲድ ላይ የሚሄደው ወንበር በግል ቤት ይረዳል፤ በጋራ ደረጃ ግን መተላለፊያውን ያጣብባል፤ ራሱን ችሎ መቀመጥና መነሣት ለማይችልም አያገለግልም።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስለ ኃይሉ ሳይጠየቅ አሳንሰር አይገዛም። በዘይት ግፊት የሚሠራው ሃይድሮሊክ አሳንሰር፣ መብራት ሲቋረጥ ዘይቱ በቫልቭ ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ከተሠራ፣ ተሳፋሪውን በራሱ ክብደት ወደ ታች ያደርሰዋል፤ በሽቦ ገመድና በሚዛን ክብደት የሚሠራው ደግሞ የሚበላው ኃይል አነስተኛ ቢሆንም፣ ወደሚቀርበው ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍት ባትሪ እንዲኖረው ግድ ነው። ለአራት ፎቅ የፊተኛውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ቢሆኑ መብራት በጠፋ ጊዜ ያለ ጄኔሬተር ሽቅብ አይወጡም። ገመዱ ቢበጠስስ ብለው ለሚሠጉ አያቶችም ይህን መንገር መልካም ነው፦ ኤሊሻ ኦቲስ የተባለው አሜሪካዊ በ1854 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ራሱ ከላይ ቆሞ ገመዱን አስቆርጦ መሣሪያው ባለበት ተይዞ መቅረቱን አሳይቷል፤ የዛሬዎቹም የገመድ አሳንሰሮች እንዲህ ያለ መያዣ አላቸው።

የአቃቂ ምድር ግን የራሱ ጠባይ አለው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከአሳንሰሩ በታች የሚቆፈረው ጉድጓድ ውኃ እንዳያስገባ ሆኖ ካልተሠራ ብረቱ ይዝጋል፤ ከሕንፃው ውጭ የሚቆመው ማማም መሠረቱ የሚያብጠውን አፈር አልፎ ካልወረደ በጊዜ ብዛት ያዘነብላል። ይህን የሚመረምረው መሐንዲስ እንጂ ሻጭ አይደለም። በአንጻሩ አንድ መልካም ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ብሎኮቻችን ደረጃቸው በውጭ በኩል፣ በየፎቁም ክፍት መተላለፊያ ያላቸው ስለሆኑ፣ ማማው ከመተላለፊያው ጋር ቢገጠም አሳንሰሩ በየቤቱ ወለል ልክ ሊቆም ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንድረስ፤ ወጪውን ማን ይሸከም? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር በጉባኤው ይህን ቢያነሣ፣ የምድር ቤቱ ባለ ሱቅ ለማልወጣበት ለምን እከፍላለሁ ማለቱ አይቀርም። በቻይና ከተሞች በአሮጌ ሕንፃዎች ላይ አሳንሰር ሲጨመር ይኸው ክርክር ተነሥቶ፣ ከፍ ያለ ፎቅ የሚኖረው አብዝቶ፣ ዝቅ ያለው አሳንሶ እንዲከፍል የተስማሙ ብዙዎች ናቸው። ሲንጋፖርም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምራ አሳንሰር በየፎቁ እንዲቆም ባደረገችበት መርሐ ግብር፣ ከነዋሪው 75 በመቶ እንዲስማማ ጠይቃ አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ሸፍኗል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ ሀብት እንዲመድብ ያዝዛልና፣ ከተማው ለጅማሬ በአንድ መንደር፣ በአንድ ብሎክ እንኳ ሞክሮ ያሳየን ብሎ መጠየቅ ከድፍረት አይቈጠርም።

እኛም መንግሥትን ሳንጠብቅ ያቋቋምነው ዕድር አለን። ዕድራችን ድንኳን ይገዛል፤ ወንበርና ሰሐን ያከማቻል፤ ሰው ሲሞትም ጎልማሶቹን አሰልፎ ያንን ጠባብ ደረጃ አስከሬን በትከሻ ያወርዳል። ያው ትከሻና ያው ወርኃዊ መዋጮ ሰውየው በሕይወት ሳሉ እንዲያወርዳቸው ማድረግ ለዕድሩ ክብሩ ነው፤ አባላቱ ተስማምተው ከመዋጮው ጥቂቱን ለአሳንሰሩ ጥገና ቢመድቡ ከመተዳደሪያ ደንባቸው መንፈስ አይርቁም።

አሳንሰሩ እስኪተከል ድረስ ግን ዓመታት ያልፋሉ፤ አረጋዊ ደግሞ ዓመታት አይተርፉትም። ስለዚህ ከዚህ ጋር አብሮ ሊሆን የሚችል፣ ገንዘብም ብዙ የማይጠይቅ ነገር አለ፤ ይኸውም በምድር ቤት ወይም በአንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት ቢፈቅዱ፣ መጠኑ ከሚመጣጠን የአረጋውያን ቤት ጋር በስምምነት እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ልውውጥ ከተማው ቤቱ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ እንዳይተላለፍ የሚከለክለውን ደንብ ያንሣለት፤ የስም ማዛወሪያውንም ክፍያ ይማርለት፤ በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤትም ለለዋጮች አንድ መዝገብ ይከፈትላቸው።