«ኬሚካል የለበትም» ለሚሏችሁ



ከሰሞኑ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፀጉር ናቸው። አምላ፣ ሽካካይ፣ ሪታ፣ ብሪንግራጅ፣ ኒም፣ ሂና... የህንድ ገበያ በሙሉ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ይመጣልኛል። ጥያቄውም ሁሌ ሁለት ክፍል አለው። «ዶክተር፣ ይሄንን ቤት ውስጥ አዘጋጅቼ ብቀባ ምን ትመክሪኛለሽ? ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?»

የመጀመሪያው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እመልሰዋለሁ። ሁለተኛው ግን የእናንተ አይደለም። ሻጮች አፋችሁ ውስጥ ያስቀመጡት ነው። የዛሬው ጠቤ ከእሱ ጋር ነው።

እንዶድን ታውቁታላችሁ። እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት፣ ከጓሮ የሚለቀም፣ ፋብሪካ ያልነካው ፍሬ ነው። ከዚህ በላይ ተፈጥሯዊ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ለዓለም የተረፈው የምርምር ሥራው የተነሳው ከዚያ ነው። እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ሳፖኒን የሚባል የንጥረ ነገር ቤተሰብ ነው፤ ቀንድ አውጣውን የገደለውም እሱ ነው። ሪታና ሽካካይም አረፋ የሚሰጡት በዚሁ በሳፖኒን ነው። ሪታ እንደ እንዶድ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዓይነቱም ጥንካሬውም ይለያያል። ግን «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል አንድ ነገር ከየት እንደመጣ ነው የሚነግራችሁ። ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ያህሉ እንደሚበቃ፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም።

«ኬሚካል የለበትም» የሚለውማ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ሂናን የሚያቀላው ላውሶን ኬሚካል ነው። የኮኮናት ዘይት ውስጥ ያለው ላውሪክ አሲድ ኬሚካል ነው። ውሃም ኬሚካል ነው። ይህንን የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁ ተማምኗል።

አሁን ለህንዶቹ የሚገባቸውን ልስጥ። የፀጉር እንክብካቤን እነሱ ያውቁበታል። «ሻምፖ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከህንድ ነው፤ መነሻው ማሸት፣ መጫን ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፓትናው ተወላጅ ሼክ ዲን ማሆመድ በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያ ከፍቶ እንግሊዞችን ሲያሽ ቃሉ አብሮት ታወቀ። በህንድ ቤቶች ልማዱ ዘይቱን ቀብቶ፣ ጭንቅላትን አሽቶ፣ ከዚያ መታጠብ ነው። በስልካችሁ የምታዩት ቪዲዮ ግን መታጠቡን ቆርጦ ያወጣዋል፤ ዘይቱ ሲያብረቀርቅ ነው የሚሸጠው።

ዘይቱ ይሠራል ወይ? የኮኮናት ዘይት አዎ፣ ለአንድ የተወሰነ ሥራ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የህንድ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍ እና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የኮኮናት ዘይት የሚሸጥ ኩባንያ ሠራተኞች እንደነበሩም እወቁ፤ እኔ ይህንን ሳልነግራችሁ ውጤቱን ብቻ ብጠቅስ ከሻጮቹ በምን እለያለሁ? ቢሆንም የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉሩ ዘንግ ዘልቆ መግባት እንደሚችል ሌሎች ሙከራዎችም ደግፈዋል።

ግን ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሚያወራው ከቆዳ ስለወጣ ፀጉር ነው፣ እሱ ደግሞ ሕይወት የለውም። ዘይቱ እንዳይሰባበር ይጠብቀዋል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ ጫፉ በዚያው ፍጥነት ከተሰበረ ለዓመት አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። መሰበሩ ሲቆም «አደገ» እንላለን። በዚህ ደስ ብሏችሁ ተጠቀሙ። አዲስ ፀጉር ያበቅላል የሚለው ግን ሌላ ወሬ ነው። ለብሪንግራጅ የሚጠቀሱት ማስረጃዎች በአብዛኛው የተላጩ አይጦች ላይ የተሠሩ ናቸው። የአምላ ቫይታሚን ሲም ቢሆን ከምሳ ጋር ቢበላ ብረት ከምግባችሁ እንዲሰርፅ ይረዳል፤ ጭንቅላት ላይ ቢለጠፍ ወደ ደማችሁ አይገባም።

ስለ ዋጋም ጥቂት ልበል፣ ስለሚያናድደኝ። «ሜቲ» እየተባለ በትንሽ ፓኬት የሚሸጥላችሁ አብሽ ነው። «ካሎንጂ» ጥቁር አዝሙድ ነው። «አራንዲ» የጉሎ ዘይት ነው። እናታችሁ ጓዳ ያለውን በሂንዲ ስም በብዙ እጥፍ እየገዛችሁ ነው።

«ታዲያ እኔ ተጠቅሜ ፀጉሬ ተመልሷል» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አምናችኋለሁ። ግን የሆነውን አብረን እንየው። አንዲት እናት ትወልዳለች። ሕፃኑ ሦስት አራት ወር ሲሞላው ፀጉሯ በእፍኝ መውጣት ይጀምራል። በእርግዝና ጊዜ ሳይወድቅ የቆየው ፀጉር አንድ ላይ ወደ ማረፊያ ደረጃ ገብቶ ነው፤ ከከባድ ትኩሳት፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ክብደት በፍጥነት ከመቀነስ በኋላም ያው ነው የሚሆነው። ትደነግጣለች፣ ዘይቱን ትገዛለች፣ በየቀኑ ትቀባለች። ከጥቂት ወራት በኋላ መውጣቱ ይቆማል፣ ግንባሯ ላይ አጫጭር አዲስ ፀጉር ብቅ ይላል። ዘይቱ ተመሰገነ። ግን ዘይቱን ባትቀባውም አብዛኛውን ጊዜ ይመለስ ነበር። ሻጮቹ ፎቶ የሚለጥፉት የእሷን ነው። ቀብታ ያልተመለሰላት ሴት ፎቶ አይለጠፍም።

ያልተመለሰላት ሴት ናት እኔ ዘንድ የምትመጣው። የምትመጣውም ዘይት ስትቀያይር ከቆየች በኋላ ነው። ለዚህ ነው የምቆጣው። የብረት እጥረት ያለባት ሴት ዓመት ሙሉ ብሪንግራጅ ስትቀባ ደሟ አይጨምርም። የእንቅርት ዕጢዋ ሥራ የቀነሰባት ሴት ፀጉሯ ብቻ አይደለም የሚሳሳው፤ ትደክማለች፣ ይበርዳታል፣ ሆዷ ይደርቃል። ሁለቱም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ቆረቆር ያለበት ልጅ በኒም ዘይት አይድንም፤ ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ በሐኪም ትዕዛዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ እስከዚያው ለእህት ወንድሙ ያስተላልፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ የማይሰጠው ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጥብቅ ሹሩባ ስትሠራ የኖረች ሴት ከግንባሯና ከጆሮ ግንዷ ፀጉሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። መጀመሪያ ላይ ሹሩባውን በማላላት ብቻ ሊመለስ ይችላል። ከዘገየ ግን የፀጉሩ ሥር በጠባሳ ይተካል። መሐል አናት ላይ ጀምሮ እያቃጠለና እያሳከከ የሚሰፋ መመለጥም አለ፤ እሱም ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም፣ የየትኛውም አገር ዘይት ቢፈስበት። «ስድስት ወር ሞክሪው፣ ታገሺ» የሚል ሻጭ የሚያስከፍላችሁ የዘይቱን ዋጋ ብቻ አይደለም።

ወደ ሂና ልምጣ። ንጹህ ሂና ጥቁር አይሰጥም። ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቡናማ ነው የሚሰጠው፣ እሱም ሰዓታት ይፈልጋል። ከኢንዲጎ ቅጠል ጋር ሆኖ ሊጠቁር ይችላል፣ ያም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በግማሽ ሰዓት ድቅድቅ ጥቁር የሚያደርግ «ሂና» ካገኛችሁ ፒፒዲ የተባለ የፋብሪካ ቀለም ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፒፒዲ በፀጉር ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል፣ ማስጠንቀቂያም ይጻፍበታል፤ ቆዳ ላይ መቀባቱ ደግሞ አይፈቀድም። ስም በሌለው ከረጢት የሚመጣው ዱቄት ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በጎረቤታችን ሱዳን ሴቶች ሂናውን ለማጥቆር ይህንኑ ቀለም ይቀላቅሉበታል። በተለይ ሲዋጥ ጉሮሮ አብጦ መተንፈሻ ይዘጋል፣ ኩላሊትም ሥራ ያቆማል፤ የአገሪቱ ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት ሲጽፉበት ኖረዋል።

ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ አልገለጥ ብሎ የመጣች ልጅ አክሜአለሁ። «ግን እኮ ሂና ነው ዶክተር» ነው ያለችኝ። አንዴ ሰውነት ለፒፒዲ ከተቆጣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ይህች ልጅ ሃያ ዓመት ቆይታ ሽበቷን ልታጠቁር ስትል ያው አለርጂ ሊጠብቃት ይችላል።

ንጹሁ ሂናም ቢሆን ለጨቅላ ሕፃን አይቀባ። ጂ-ስድስት-ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፤ ሂናው በቆዳቸው ሲገባ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ይፈርሳሉ። ሕፃኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሊሞትም ይችላል። የኒም ዘይትም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። «ለሆድ ትል ጥሩ ነው» ተብሎ የተጋቱ ሕፃናት አስመልሷቸው፣ አንዘፍዝፏቸው ሆስፒታል የገቡበት ታሪክ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ አለ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤት ውስጥ አታዘጋጁ የምል ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። አዘጋጁ! ስም የለሽ ጠርሙስ ከምትገዙ ራሳችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ምን እንደገባበት ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ቦስተን አካባቢ ከደቡብ እስያ ሸቀጥ ሱቆች ከተገዙ 70 የሚዋጡ የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቷል። እነዚያ የሚዋጡ እንጂ የሚቀቡ አልነበሩም። «ባህላዊ» የሚል ማሸጊያ ግን ምን እንደያዘ ማረጋገጫ እንደማይሆን በቂ ምስክር ነው።

አሠራሩ ይኸው። አንድ ስኒ ንጹህ የኮኮናት ዘይት ውሰዱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ የአምላ ዱቄት ከፈለጋችሁ ጨምሩ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት፣ ብዙ አያጎድልባችሁም። ሳህኑን የሞቀ ውሃ ድስት ላይ አስቀምጣችሁ በቀስታ ግማሽ ሰዓት አሙቁት፤ እሳት ላይ በቀጥታ አይጠበስ። በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ በደረቀ የብርጭቆ ዕቃ ክደኑት። እርጥብ ቅጠል አትክተቱበት፤ ውሃ ያለበት ነገር ይሻግታል። ሽታው ከተለወጠ ድፉት። ከመታጠባችሁ አንድ ሰዓት በፊት ፀጉሩ ላይ ቀቡት፣ በተለይ ጫፉ ላይ፣ ከዚያ ታጠቡት። ፎረፎር ያለባችሁ ግን ራስ ቆዳችሁን ዘይት አታስነኩት። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የተባለ እርሾ ምግቡ ቅባት ነው፤ የምትመግቡት እሱን ነው። ለቅቤም ያው ነው፣ አትቀየሙኝ። ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ከመድኃኒት ቤት ይሻላችኋል።

ሽካካይ የምትወዱ ሁለት ሦስት ማንኪያውን በለብታ ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ አጥልሉት፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታጠቡበት። የተረፈውን ለሳምንት አታስቀምጡ። ዓይን ከገባ በብዙ ንጹህ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡ፤ ሕመሙና ቅላቱ ካልለቀቀ ወደ ሐኪም። ማንኛውንም አዲስ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ክንዳችሁ ውስጠኛው መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ አለርጂ ወዲያው አይታይም። ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማችሁ ሰዎች አብሹንም ተጠንቀቁት፣ ዘመዳማቾች ናቸው።

የእኛ ሙያም ቢሆን ንጹህ አይደለም። አንዲት ሴት «ፀጉሬ እያለቀ ነው» ብላ ስትመጣ «ይሄ ደግሞ ምን በሽታ ነው» ብሎ በፈገግታ የሚሸኛት ሐኪም አለ። ሻጩ ግን ቁጭ ብሎ ሰምቷታል። ያሸነፈን በዘይቱ አይደለም።

ስለዚህ መውጣቱ ከስድስት ወር ካለፈ፣ ክብ ሆኖ ከተመለጠ፣ ካቃጠለ ወይም ካሳከከ፣ ግንባራችሁ ከሸሸ፣ ወይም ልጃችሁ ራስ ላይ ቅርፊት ካያችሁ አትጠብቁ። ስትመጡ ሹሩባውን ፈታችሁ፣ ዘይቱን ታጥባችሁ ኑ፤ የራስ ቆዳችሁን ማየት አለብኝ። የምትጠቀሙበትን ዕቃ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቢሆንም።