የዕድራችን ገንዘብ ለቀብር ብቻ ነውን?



ባለፈው ወር የዕድራችን ኮሚቴ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ተወያይቶ ነበር። ይኸውም ከአባላት አንዱ ሥራውን ሲያጣና በዚያው ቤት መድኃኒቱ መቋረጥ የሌለበት ሕመምተኛ ሲኖር፣ ዕድሩ የመድኃኒቱን ወጪ ለጥቂት ወራት ይሸፍን የሚል ነው። ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ። «ዕድር የቀብር ነው» ያሉ አሉ፤ «ገንዘቡ ያልቃል» ያሉም አሉ። ስለሆነም ሐሳቡን ያቀረብነው ሰዎች ምክንያታችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ብንጽፈው ይሻላል አልን። በስብሰባ ላይ ጩኸት ይበዛል፤ እዚህ ግን ሰው ቆሞ ያነባል፣ አስቦበትም ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። እንደሚታወሰው የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ሲሆን፣ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜ በእኛው መንገድ ላይ ለአራት ቤት ልብስ የምታጥብና እንጀራ የምትጋግር አንዲት እኅት ነበረች። ሰኞ እዚህ፣ ማክሰኞ እዚያ እያለች ሳምንቷን ትሞላለች። የምትኖረው ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ከእናቷ ጋር ነው። መንደሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው እናቷ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ይወጋሉ።

በሽታው በተሰማ በሳምንቱ አራቱም ቤቶች «ለጊዜው አትምጪ፣ ሲረግብ እንጠራሻለን» አሏት። ከአራቱ ቤቶች ሁለቱ ይህን የምንጽፈው የእኛ የራሳችን ቤቶች ናቸው። ለክፋት አልነበረም፤ በእኛም ቤት ሽማግሌ አለ፣ ፈራን። እሷም አልተቀየመችም። የሠራችበትን ተቀብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰላም ያገናኘን» ብላ ሄደች። «የእማማ መድኃኒትስ በምን ይገዛል?» ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በዚያው ወቅት የወጣው የአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን እንደ ልቡ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። መልካም ነው። ግን ከቤት ቤት እየዞረች ለምታጥብ ሴት አሠሪዋ ማን ነው ሊባል ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢሆንም የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። የፋብሪካ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት ማስጠንቀቂያ አለው፣ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፤ ያለ አግባብ ተባርሬአለሁ የሚል ከሆነም ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ ማቅረብ ይችላል። (ለዚህ ክስ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ መሆኑን የማያውቅ ጎረቤት ብዙ ስላጋጠመን በዚሁ እናሳስባለን።) እሷ ዘንድ ግን ይህ ሁሉ አልደረሰም። ማስጠንቀቂያዋ የእኛ በር መዘጋት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማነው ዘግይተን ነው። እማማ የልጃቸው እጅ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ምንም ሳይነግሯት የማታውን መርፌ ተዉት። አንዱ ብልቃጥ ሁለት ወር እንዲያደርሳቸው ብለው ነው። ብልቃጡ ከተከፈተ ከአንድ ወር ገደማ በላይ ቢቆይ ኃይሉ እንደሚደክም ያስታወሳቸው የለም። ስኳራቸው ወጣ፤ ውኃ ጥሙ በረታ፣ ሌሊት ሲመላለሱ ማደር ሆነ፣ ዓይናቸውም ይደክም ጀመር። ልጅቷ ስትደርስበት አልቅሳ ተቆጣች፤ መርፌውም እንደገና በሁለት ሰዓቱ ተመለሰ። አሁን ደግሞ የጎደለው ምግቡ ሆነ። ወሩ ዐቢይ ጾም ነበርና እማማ «ጾሜ ነው» እያሉ ድርሻቸውን ለልጃቸው ይተዋሉ፤ መርፌውን ግን እንደታዘዘው ይወጋሉ። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ሳይቀምሱ መዋል ምን እንደሚያደርግ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ያውቀዋል። አንድ ሌሊት ላብ በላብ ሆነው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ተሳስሮ ተገኙ። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤት ነቃች። ገና መዋጥ ይችሉ ስለነበር ስኳር በውኃ በጥብጣ ቀስ እያለች አጠጣቻቸው፤ ሲነጋም ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ተረፉ።

ይህን ከሰማን በኋላ አንድ ነገር አደረግን፤ የዕድሩን መዝገብ ገለጥን። የመጋቢትም የሚያዝያም መዋጮ ከዚያች ቤት ተከፍሏል። አንድም ሳንቲም አልጎደለም! እናቷ መርፌ በሚቆጥቡበት ወር ልጅቷ ለእናቷ መቀበሪያ መዋጮ አምጥታ ለገንዘብ ያዣችን አስረክባለች፤ ገንዘብ ያዣችንም ቆጥሮ ደረሰኝ ሰጥቷታል። በእሱ አንፈርድም፤ ደንቡ የሚለው እንዲያ ነው። መዋጮ ያቋረጠ ይቀጣል፣ ደጋግሞ ያቋረጠ ይሰረዛል።

እኛ እንደሚመስለን ገቢ ሲቆም በቤት ውስጥ ቀድሞ የሚቀነሰው የሕመምተኛው ድርሻ ነው። አከራይ ይጮሃል፣ ዕድር ይቀጣል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሕመምተኛ ግን «እኔ ምንም አልል፣ ደህና ነኝ» ይላል። በተለይ እናት ከሆነች።

ችግሩ በዚያ አላበቃም። ከፋሲካ በኋላ እኅታችን ሥራ አገኘች። የአትክልት ገበያው በበሽታው ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበርና እዚያ ሽንኩርት ለቀማ ገባች። ታክሲው በግማሽ ሰው እየጫነ በእጥፍ ዋጋ የሚሄድበት ጊዜ ነው፤ ከመካኒሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ስድስት ኪሎ እያለች ደርሳ ስትመለስ ከቀን ገቢዋ ጥቂት ይተርፋታል። ከሁሉ የከፋው ግን ፍርሃቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሺህ ሰው መካከል ውላ፣ ማታ በአንዲት ክፍል ከእናቷ ጋር ትንፋሽ ለትንፋሽ ማደር! ባትሠራ መድኃኒቱ ይቀራል፤ ብትሠራ በሽታውን ይዛ ትገባለች። እንዲህ ያለውን ምርጫ ለማንም አንመኝም።

እዚህ ላይ ግን መንደሩ ሰው ሆነ። አንድ ቤት ባዶ የነበረች ሰርቪስ ክፍሉን ለልጅቷ ለቀቀላት፤ ሌላው በሩ ላይ በርሜልና ሳሙና አኖረ። የምትሠራበትን ልብስ እዚያው ለውጣ፣ ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከበሩ ላይ ሆና እናቷን ታነጋግራቸዋለች። ኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣ ባለው ጎረቤት ቤት ተቀመጠ፤ መብራት ሲጠፋ ውኃ በተነከረ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያደረጉት አምስት ቤቶች ናቸው፤ ደንብም ስብሰባም አልነበረውም። ታዲያ ደንብ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው ብትሉ፣ አምስቱ ቤቶች የሰሙት እማማ ከወደቁ በኋላ ስለሆነ ነው።

ያን ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ የዕድራችን ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ወንበሩም ምጣዱም አቧራ ለብሷል። መዋጮው ግን በየወሩ ይገባ ነበር። ገንዘብ ተቀምጦ መድኃኒት የጠፋበት ወር ነበር ማለት ነው።

«ዕድር ከመቼ ወዲህ ነው በሽተኛ የሚያስታምመው?» የሚሉንን እናስታውሳቸው። ኤድስ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩ ብዙ ዕድሮች ቀብሩ ሲበዛባቸው ሕመምተኛ መጎብኘት፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር። የሚቀብሩትን ሰው ቁጥር ለመቀነስ ሲሉ ነው ቢባልም አያሳፍርም። ለዚያ በሽታ በኋላ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ጀመረ፤ የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ በነፃ ይታከማል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም መድኃኒት ግን ለአብዛኛው ሰው ከኪስ የሚወጣ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋው እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም።

«ኮሮና አለፈ፣ ምን አስጨነቃችሁ?» ለሚሉም መልስ አለን። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ በርዳታው ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ከእነሱ አንዱ ጎረቤታችን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ኮቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ ጠዋት ይወጣ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀምጦ ይውልና በአሥራ አንድ ሰዓት ይመለሳል። ሚስቱ እንኳ አላወቀችም። ሥራው ሲቀር የቤተሰቡ የሕክምና ሽፋንም አብሮ ቀረ። ትንሿ ልጁ አስም አለባት። በየቀኑ የሚነፋውን መከላከያ መድኃኒት መግዛት አቆመ፤ ሳል ሲነሣ የሚነፋው ካለ ይበቃል ብሎ ነው። ለጊዜው ደህና መስላ ስለነበር አልተሳሳትኩም አለ። ክረምቱ ሲገባ ልጅቷ ሦስት ሌሊት ተቀምጣ አደረች። ሰውዬው የተማረ ነው፤ መከላከያው ለምን እንደሚሰጥ ከእኛ የተሻለ ያውቃል። ኀፍረት ነው የያዘው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ገንዘቡ ያልቃል ለሚለው፣ እኛ ያልነው ጥሬ ገንዘብ ይታደል አይደለም። የሐኪም ማዘዣ ይቀርባል፤ ዕድሩ እንደ ከነማና ቀይ መስቀል ካሉት ዋጋቸው ሻል ካለው መድኃኒት ቤቶች ገዝቶ መድኃኒቱን ይሰጣል፤ ለሦስት ወር ነው፤ ሥራ ሲገኝ ያለ ወለድ ቀስ እየተባለ ይመለሳል። በእነዚያ ሦስት ወራት መዋጮ ያላመጣ አባል አይቀጣም፣ አይሰረዝም። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ያልተመዘገበ ከሆነም የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ዕድሩ ያስመዘግበዋል። ለአንድ ለቅሶ የምናወጣው ገንዘብ የስንት ወር ኢንሱሊን እንደሚገዛ ገንዘብ ያዣችን አስልቶ በጉባኤው ላይ እንዲያነብ ጠይቀነዋል፤ እሺ ብሏል።

አንድ አባት ያነሡት ጥያቄ ግን ከብዶናል። «የሰው ሕመም በኮሚቴ ፊት ሲነበብ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ ማን ይጠይቃል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማዘዣውን የሚያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፣ በመዝገብም ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ ብለናል። ሁለት ሰው ምስጢር ይጠብቃል ወይ? በመካኒሳ? የተሻለ ዘዴ ያለው ቢያመጣ ደስ ይለናል።

ዕድር ለመግባት አቅም የሌላቸው ልብስ አጣቢዎችና የቀን ሠራተኞች ጉዳይም አለ። በዚህ እኛ አቅራቢዎቹ ራሳችን አልተስማማንም፤ ገሚሶቻችን በመንደሩ የሠራ ሁሉ ይካተት እንላለን፣ ገሚሶቻችን በአባላት እንጀምር ይላል። ጉባኤው ይፍረድ።

እኅታችን ዛሬ ለሁለት ቤት ትጋግራለች። እማማም አሉ። የረቂቁ አንቀጽ ግልባጭ ከዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል፤ ጉባኤው የሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ ቤት ነው። ሴቶችም እንዲመጡ አደራ እንላለን፤ የመድኃኒቱን ነገር በየቤቱ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።