እግሯ አልተቀየረም፣ ልምምዷ ነው የተቀየረው

የሩጫ ውድድር በሬዲዮ በሰማን ቁጥር ደማችንን የሚያፈላ አንድ አባባል አለ። አትሌቷ ትገባለች፣ እኛም ከታክሲው ሹፌርና ከረዳቱ ጋር አብረን እንጮሃለን፣ ከዚያ ተንታኙ ድምፁን ወፈር አድርጎ «ተፈጥሮ የቸረችን ፀጋ ነው!» ይላል። አለቀ። ቀጣይ ዘፈን።

ሲሰሙት ሙገሳ ይመስላል። እኛ ግን ስድብ ነው እንላለን። ገና ሳይነጋ ተነስታ እንጦጦ የወጣችን ልጅ ላብ ነጥቆ ለቅድመ አያቷ ባት መስጠት ነውና።

እስቲ ትዕግስት አሰፋን እንያት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ የሄደችው ለ800 ሜትር ነበር። ሁለት ዙር ብቻ! በማርች 2022 ሪያድ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:34:01 ጨረሰች። ስድስት ወር ቆይታ በርሊን ላይ 2:15:37 ገባች። በ2023 እዚያው በርሊን 2:11:53 ሮጣ የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። እንግዲህ ንገሩን፤ በነዚያ ስድስት ወራት ምኗ ተቀየረ? እግሯ ረዘመ? ዘሯ ተለወጠ? ጫማው ነው የሚል አይጠፋም። ረድቷት ይሆናል፤ ጫማ ግን 42 ኪሎ ሜትር የሚችል ጉልበት አይሰራም። ልምምድ ነው የሚሰራው።

ተክለ ሰውነት ዋጋ የለውም አላልንም። ክብደት ወደ እግር ጫፍ በቀረበ ቁጥር እግርን ለማወዛወዝ የሚፈጀው ጉልበት ይጨምራል። ጫማ ላይ 100 ግራም ቢጨመር ሯጩ የሚያቃጥለው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቀጭን ባት ያለው ሰው ይጠቀማል። ከፍታ ላይ ማደግም ይረዳል። ግን ላ ፓዝ ከአዲስ አበባ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ቦሊቪያ ግን እስከ 2024ቱ ፓሪስ ድረስ አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም። በቀጭን እግርማ ቢሆን የሰፈራችን ልጅ ግማሹ ኦሎምፒያን በሆነ ነበር።

እነ ያኒስ ፒትሲላዲስ ምርጥ ሯጮቻችንን አጥንተው፣ በእናት በኩል በሚወረሰው ዘረ መል ከሌላው ኢትዮጵያዊ የተለየ አንድ ዘር ሆነው አላገኟቸውም። ያገኙት ልዩነት ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ፣ በልጅነታቸውም ራቅ ያለ ትምህርት ቤት እየሮጡ የተመላለሱ መሆናቸውን። ይሄ ደግሞ ማንም ልምምድ ብሎ ያልጠራው ልምምድ ነው።

የዛሬዎቹስ? እንጦጦና ሱሉልታ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ በዝግታ ይሮጣሉ። መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ እግር አይጎዳም። የፍጥነት ቀን ሲሆን ዝቅ ወዳለው አቃቂና ሰበታ ይወርዳሉ። ዝቅ ሲሉ ኦክስጅኑ ስለሚሻል እግር የውድድሩን ፍጥነት መልመድ ይችላል። ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን ይመጣል። ይሄን ሁሉ ሰው ነው ቁጭ ብሎ ያሰበው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ሕፃን ልጅ ያውቃል። አሰልጣኙን ኦኒ ኒስካነንን ስንቱ ያውቃል? ሃንጋሪ ተምሮ የመጣውን ወልደመስቀል ኮስትሬንስ? ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በእጁ ያለፉትን የበቆጂውን መምህር ስንታየሁ እሸቱንስ?

ተረቱ የሚጎዳው የአሰልጣኞቹን ስም ብቻ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ሳለን የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ለትምህርት ቤቱ ቡድን ሲመርጥ ሰዓት እንኳ አልያዘም። አሰለፈንና እግር እግራችንን አይቶ «አንቺ ትሮጫለሽ። እናንተ ወፈር ትላላችሁ፣ ተቀመጡ» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተቀመጥን ነን! ስንት ፈጣን ልጅ በዚህ ዓይን ተጥሎ ቀርቶ ይሆን?

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ስታሸንፍ ተፈጥሮ ነው፤ ስትሸነፍ ግን «ገንዘብ አጠገባት፣ ሰነፈች» ይባላል። ድሉ የዘሯ፣ ሽንፈቱ የራሷ! ተፈጥሮ ካሸነፈማ ትራክ ለምን ይሰራል? አሰልጣኝስ ለምን ይማራል? ፊዚዮቴራፒስት ለምን ይቀጠራል?

እኛ በተፈጥሮ ስንመካ ሌላው ይለካል። ኖርዌጂያዊው ያኮብ ኢንገብሪክትሰን ከፍታ ላይ አልተወለደም። በአንድ ቀን ሁለቴ ይለማመዳል፣ ልክ እንዳያልፍ ጠብታ ደም እየተወሰደ ላክቴቱ ይለካል። በ2024 ፓሪስ ላይ የ5000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። እኛ በዚያው ርቀት በወንዶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያየነው ለመጨረሻ ጊዜ ቀነኒሳ በ2008 ቤጂንግ ላይ ሲያሸንፍ ነው። ተፈጥሯችን ከ2008 ወዲህ ጥላን ሄደች እንበል?

ውድ ተንታኞች፣ አንድ ልመና አለን። በሚቀጥለው ድል ማይኩን ስትይዙ የአሰልጣኙን ስም ጥሩልን። የት እንደተለማመደች፣ ከጉዳት እንዴት እንዳገገመች፣ ሳምንቷን እንዴት እንደከፋፈለች ጠይቁልን። ያን ጊዜ ሬዲዮ የምትሰማ አንዲት ወፈር ያለች የስምንተኛ ክፍል ልጅ ተነስታ ትሞክር ይሆናል።

ዘፈኑ ይደርሳል።