የራስ ወገን ሲበድል

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመረሸናቸው በፊት፣ ፋሺስቶች ለይስሙላ በሰየሙት ችሎት አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም ሆኑ ሌሎቹ ካህናት የኢጣሊያን ገዥነት ሲቀበሉ እርስዎ ብቻዎን ለምን አመፁ የሚል ነው። እሳቸውም አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ እንደሆኑ፣ ራሳቸው ግን ስለ አገራቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው በፈጣሪ ፊት እንደሚጠየቁ መለሱ። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ቢፈለግም ያወገዙት ወራሪውን ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ነገር ሲነሣ ሁላችንም ጥይቱን እናስቀድማለን። እኔን ከጥይቱ ይልቅ የሚከነክነኝ ያ ጥያቄ ነው። በደለኛ ሁሉ የሚተማመንበት እሱን ነውና፤ ሌላው ሁሉ ዝም ካለ አንተን ማን ሾመህ?

በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግብፅ ወርደው ጵጵስና ተቀበሉ። ከአራቱ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ፣ አቡነ ሚካኤል ጎሬ ላይ በጠላት እጅ ተገደሉ። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ አብርሃም ደግሞ በ1930 ዓ.ም. የኢጣሊያ አገዛዝ ባዘጋጀው ሹመት ፓትርያርክ ተባሉ። የተሾሙበት መንበር አንድ፣ ያነበቡት ወንጌል አንድ ነበር። በአቡነ አብርሃም ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ትእዛዝ በመቶዎች ተረሽነው ነበር፤ ፍርሃቱ የወሬ ፍርሃት አልነበረም። ግን መጽሐፉን ማወቅና ማዕረጉን መያዝ ብቻውን ጥብዐት እንደማይሰጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ደግሞም አቡነ ጴጥሮስን ማክበር ዛሬ ማንንም ምንም አያስከፍልም። ገዳያቸው ባዕድ ነው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ሲነሣ ብዙ ሰው ተቆጣ፣ በ2008 ዓ.ም. ሲመለስ ተደሰተ፤ ይገባልም። የሚከብደው ገዳዩ የራስ መንግሥት፣ የራስ ወገን የሆነ ቀን ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በዚያ ዘመን የውጭ ረጂዎች ለልማት ሲሰጡ ለስብከት እጃቸውን ያጥፉ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በላከችላቸው ደብዳቤ፣ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ከፍሎ ማገልገል እንደማይቻል ሞገተቻቸው። ከሙግቱ ጀርባ የነበሩት ቄስ ጉዲና ናቸው። ሙግቱ ለረጂዎቹ የተጻፈ ይሁን እንጂ እኛንም ይይዘናል፤ ሰው ሲታሰር፣ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ልጁ ሲገደልበት ቤተ ክርስቲያን «የእኔ ድርሻ ነፍሱ ነች» ብላ ማምለጥ አትችልም። ወታደራዊው መንግሥት ደርግ አሰራቸው፣ ፈታቸው፣ ደግሞ አሰራቸው። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሳይቀሩ ገብተውበት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ ምእመናኔን በመከራ ሰዓት ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ታፈኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ተይዘው ለዓመታት በእስርና በግርፋት ተሰቃዩ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው።

በዚያው በ1971 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ሲወርዱ ከተቆጠረባቸው ጥፋት አንዱ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት መሾማቸው ነው። እሳቸው በሕይወት ታስረው ሳለ ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ፤ በአገር ቤት ብዙው ተቀበለ ማለት ነው። የእሳቸውም አስከሬን እንደ ቄስ ጉዲና በራስ አስራተ ካሣ ግቢ ተገኘ። በሁለቱ ምእመናን መካከል ስንት ክርክርና ስንት መወጋገዝ እንዳለ እናውቃለን፤ ገዳዩ ግን ሳይለያቸው በአንድ ግቢ ቀበራቸው።

የራስን ንጉሥ መገሠጽ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ናታን የዳዊት የራሱ ነቢይ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ዐፄ ዓምደ ጽዮን የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል ተብሎ፣ መነኮሳቱ ፊት ለፊት እንደገሠጿቸው ገድሎቹ ይተርካሉ። አባ አኖሬዎስ በአደባባይ ተገረፉ፤ አቡነ ፊልጶስም ለግዞት ተዳረጉ። ንጉሡ ክርስቲያን፣ ድል አድራጊ፣ የአገር መከታ ነበሩ፤ መነኮሳቱ ግን «የእኛ ናቸው» ብለው አላለፏቸውም።

እኛ ግን ዛሬ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። በትግራይ ጦርነት በአክሱም ስለተገደሉት የሚያለቅሰው በማይካድራ የተገደሉት ሲነሡ ይቆጣል፤ ስለ ማይካድራ የሚጮኸው አክሱም ሲነሣ ማስረጃ ይጠይቃል። በወለጋ ለተገደሉት የሚያዝነው በመራዊ ለተገደሉት እንባ የለውም፤ የዚህም ተገላቢጦሽ እንዲሁ። ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ስለሚፈጸመው ግፍ ሲናገሩ፣ የግላቸው አቋም እንጂ የቤተ ክርስቲያኗ አይደለም ተባለ፤ ብዙው ሰውም ያሉት እውነት ነው ወይ ብሎ በመጠየቅ ፈንታ ትውልዳቸውን ቆጠረ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኗ የይቅርታ ልዑክ መቀሌ ሲደርስ የተጠበቀው አቀባበል አልነበረም። ይቅርታው መልካም ነው፤ ግን ወላድ ስትጮህ መምጣት የነበረበት ቃል ከቀብር በኋላ ደረሰ። ወንጌላውያኑም ቢሆኑ በጦርነቱ ሰሞን ከየመድረኩ ያሰሙት ትንቢት ከቄስ ጉዲና ልጆች የሚጠበቅ አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ አትግባ የሚለውን ምክንያት በቀላሉ አልጥለውም። አንድ የገጠር ቄስ ተናግሮ ቢያድር ነገ ደጁ የሚቆመው ታጣቂ ነው፤ የሚቀጣው ደግሞ እሱ ብቻ ሳይሆን መንደሩ ነው። ከእሱ ሰማዕትነት የምጠይቅበት መብት የለኝም። ጥያቄዬ ታጣቂ ደጃቸው ለማይቆም፣ ግን ዝም ላሉት ነው። ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ድምፅ ማጉያው የለጋሹን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ ሰውየው የድኻ ይዞታ ወስዶ ያለ ካሣ ያባረረ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ፣ ሰባኪው ከኋላ ወንበር ስለተቀመጡት ተባራሪዎች አንድ ቃል አይወጣውም። እዚህ ላይ ምን ፖለቲካ አለ?

ዋሽንግተን፣ ለንደንና ቴል አቪቭ ያሉ የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ድምፃቸው ከአገር ቤቱ ይጎላል። በዚያ ካህን በመናገሩ አይታፈንም። ነገር ግን የሚናገረው ምእመናኑ ሊሰሙት የመጡትን ብቻ ነው። የራሳቸውን ወገን በደል ያነሣ ዕለት መዋጮው ይቀንሳል፣ ቦርዱ ይሰበሰባል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ለሁለት ይከፈላል፤ የዚያ አገር ዋጋ ይህ ነው፣ ቀላል ዋጋም አይደለም። ቢሆንም ሊከፈል የሚችል ነው። ከየት እጀምራለሁ ለሚል ካህን የምለው አለኝ። ምእመናኑ ድል ያድርግ እያሉ የሚጸልዩለት ጦር የገደላቸውን ሰዎች ስም ይፈልግና በሚቀጥለው እሑድ፣ የሁሉም ጆሮ ባለበት፣ ከራሱ ሟቾች ስም ጋር አንድ ላይ ያንብብ።