ኪሎው እኩል፣ ቃጠሎው ለየቅል

መርካቶ በርበሬ በረንዳ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሚጥሚጣ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ወጥ ውስጥ ሲገቡ ግን፣ ኧረ ተዉን! ጨረርም እንዲሁ ነው። በግሬይ ሲለካ ጋማና ኒውትሮን እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጨረር ጥበቃ ሂሳብ ግን ጋማው በ1፣ ጉልበቱ 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሆነ ኒውትሮን በ20 ያህል ይባዛል።

ይህን እየተማሩ «ዋናው የሕክምና መሣሪያው ይግባ፣ ልኬቱ ይደርሳል» የሚሉ ወገኖች አሉ። አንስማማም።

እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የጨረር ሕክምና በኮባልት 60 ነበር። የኮባልት ጋማ 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከእርሳስም ከተንግስተንም ኒውትሮን ለማስፈንጠር አቅም የለውም። ዛሬ ሊኒየር አክሰለሬተር ጥቁር አንበሳም ጅማም ደርሷል። እሰየው! ወረፋ ላይ ለከረመ በሽተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ዜና አለ? ብቻ እንዲህ ያለው መሣሪያ በ6 ሚሊዮን ቮልት ሲሠራ ጣጣ የለውም፤ ከ10 በላይ ሲወጣ ግን ጨረሩ ከመሣሪያው ከራሱ ብረት ላይ ኒውትሮን ያስፈነጥራል። ሐኪም ያላዘዘው እንግዳ ማለት ይሄ ነው።

«ትንሽ እኮ ነው» ይሉናል። ከሕክምናው መጠን ጋር ሲተያይ አዎ፣ ትንሽ ነው። ግን በዚህ ክፍል፣ በዚህ በር ላይ ስንት እንደሆነ ሳይለኩ በምን አወቁት? ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ለጋማ ብቻ የተሠራ መለኪያ በወጉ አይቆጥረውም። ሠራተኛው ደረቱ ላይ ያንጠለጠላት ባጅ ንጹሕ ብትሆን ስለ ኒውትሮኑ ምንም አላለችም። መላው ግን አለ፦ ሊቲየም 6 ኒውትሮንን ይይዛል፣ ሊቲየም 7 አይዝም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ንባባቸውን ማቀናነስ ነው። ከበሩ ውጭ ደግሞ በወፍራም ፖሊኢቲሊን የተሸፈነ የኒውትሮን መለኪያ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1943 በአሜሪካ በበርክሌይ ሮበርት ስቶን የካንሰር በሽተኞችን በኒውትሮን አክሞ ነበር። ጉዳቱ ከጊዜ በኋላ በበሽተኞቹ ገላ ላይ ስለወጣ በ1948 ሕክምናው እንዳይቀጥል የመከረው ራሱ ነው። ኋላ ሲጣራ ኒውትሮኑ በገላ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ። ገማቾቹ እንግዲህ ሰነፎች አልነበሩም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ከ10 ሚሊዮን ቮልት በላይ የሚሠራ መሣሪያ ሲገዛ የኒውትሮን መለኪያው በዚያው ውል ላይ ይጻፍ፤ መለኪያውን የሚያመሳክረው ሰው ደመወዝም አብሮ ይያዝ። የበሩ ንባብ ቴክኒሻኑ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ።