የሰፌድ ጌጥ ሁሉ ግጥምጥም አይደለም

የሂሳብ መምህራን ባህልን ወደ ክፍል ለማምጣት ሲነሡ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠቅሱት የሰፌድና የመሶብ ጌጥ ነው። ሐሳቡን ከልብ እደግፋለሁ። አብሮት የሚነገረውን ግን አልቀበልም፤ «ሰፌድ ላይ የሚደጋገሙት ቅርጾች ግጥምጥም ናቸው» ይባላል። ግጥምጥም ማለት በቅርጽም በመጠንም እኩል ሆኖ፣ አንዱ ሌላው ላይ ሲነባበር ልክ የሚገጥም ነው።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ለሽያጭ ከቀረቡት ሰፌዶች አንዱን አንሥቶ ማየት ይበቃል። ስፌቱ ከመሐል ይጀመራል፤ የሰበዙ ጥቅል በወስፌ እየተበሳ፣ በአለላ እየተጠቀለለ ይዞራል። ጥቅሉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢወፍር፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ3.14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መሐሉ አጠገብም ሆነ ጠርዙ ላይ ጭማሪው ያው ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ 8 ጌጦችን ሳይለያዩ ወደ ዳር ማውጣት ከፈለገች፣ እያንዳንዱን በየዙሩ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ታሰፋዋለች። እኩል ርቀት ላይ ጎን ለጎን ያሉት በዙረት ይገጣጠማሉ። የውስጡና የውጩ ግን አይገጣጠሙም። ቁመታቸው በዙር ተቆጥሮ እኩል ከሆነማ ምስስል እንኳ አይደሉም፤ አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነውና። ስፋታቸውም በስፌት ተቆጥሮ እኩል ቢደረግ፣ የውስጡ ይበልጥ ይጎብጣል።

ዙረቱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ሰፌድ ክብ ይመስላል እንጂ ጥምዝ ነው። ቀይ አለላ አንድ ሙሉ ዙር ሲሄድ መነሻውና መድረሻው በአንድ ጥቅል ውፍረት ይሳሳታሉ፤ ጎበዝ ባለሙያ ይህችን እርከን እንዳትታይ አድርጋ ትሰፋለች። ለእኔ የሙያው ትልቁ ጂኦሜትሪ እዚህ ላይ ነው።

ሞዛምቢካዊው የሂሳብ ሊቅ ፓውሉስ ገርደስ (እ.ኤ.አ. 1952–2014) የኢንሃምባኔን ሲፓትሲ ቦርሳዎች አጥንቶ፣ በአንድ መስመር ለሚደጋገም ጌጥ ሊኖሩ የሚችሉት 7 የሲሜትሪ ዓይነቶች ሁሉ እንዳሉባቸው አሳይቷል። ሲፓትሲ ግን በተጠላለፈ ቅጠል የሚታታ እንጂ ከመሐል እየዞረ የሚሰፋ አይደለም። የእሱ ውጤት ሳይመረመር ወደ ሰፌድ ሊዛወር አይችልም። ከእኛ ሥራዎች ለሲፓትሲ የሚቀርበው የነጠላ ጥለት ነው፤ ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚተላለፉ ቅርጹ በሽግሽግ ሳይዛነፍ ይደገማል።

«ልዩነቱ ለልጅ አይታይም» የሚል ካለ፣ አንዱን ጌጥ በስስ ወረቀት ላይ ያስነሣ። ወረቀቱን ሰፌዱ መሐል ላይ በመርፌ ወግቶ ያዙረው፤ ቀጣዩ ጌጥ ላይ ያርፋል። ከዚያ ነቅሎ ወደ ጠርዙ ይግፋው፤ የጠርዙ ጌጥ በሁለቱም በኩል ተርፎ ሲወጣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪም ያያል።