የተቋረጠበትና የከዳ ለየቅል ናቸው

አንድ ቀን ጠዋት ከተማሪዎቼ አንዱ የቤት ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ቢሮዬ መጣ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ዶክተር፣ ማታ መብራት ጠፍቶብኝ ቡድኔን ከዳህ ተብዬ ተቀጣሁ» አለኝ። ነገሩ ዶታ 2 ስለተባለው ጌም ነው። የቤት ሥራውን ባልምረውም፣ ያነሣው አቤቱታ ግን የፊዚክስ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

ውድ አንባቢ እንደምታውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋ የወጣው ይህ ጌም አምስት ለአምስት ሆነው በኢንተርኔት የሚጋጠሙበት ሲሆን፣ አንዱ ግጥሚያ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ግንኙነቱ ተቋርጦ ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ ተጫዋች ቡድኑን ጥሎ እንደሄደ ይቆጠርበታል። ጥፋቱ ከተደጋገመ፣ የተወሰኑ ግጥሚያዎችን እስኪያሸንፍ ድረስ እንደ እርሱ ከተቀጡት ጋር ብቻ እንዲጫወት ይፈረድበታል።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። አንድ ሰው ተናዶ ሲወጣ አራት ባልደረቦቹ የማይወጡት ዳገት ውስጥ ይገባሉ። ችግሩ፣ ሰርቨሩ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው፤ መልእክት መምጣቱን አቆመ። ገመዱን በንዴት የነቀለውም፣ መብራት የጠፋበትም በሰርቨሩ ዘንድ ያው ዝምታ ናቸው። በቤተ ሙከራ ከአንድ ልኬት ብቻ ሁለት መንስኤዎችን መለየት እንደማይቻል በአንደኛ ዓመት እናስተምራለን።

ርቀትም የራሱን ዕዳ ያስከፍላል። ብርሃን በባዶ ሕዋ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ በፋይበር መስታወት ውስጥ ወደ 200,000 ይወርዳል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ዱባይ በቀጥታ መስመር 2,750 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የመልእክቱ ደርሶ መልስ ከ27 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም። እስከ ሉክሰምበርግ 5,600 ኪሎ ሜትር ግድም በመሆኑ 56 ይሆናል። ይህ የተፈጥሮ ወለል ነው። የባሕር በር የሌላት አገር መስመር በጎረቤት አገር ዞሮ ባሕር ውስጥ ሲገባ፣ በየመንገዱም ሲጠብቅ፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ሰው በ200 ሚሊ ሰከንድ 2 ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ የሚተኩሰው ጠላቱ ወደነበረበት እንጂ ወዳለበት አይደለም። በውጭ አገር ስማር ከባልደረቦቼ ጋር ስጫወት ጎበዝ እባል ነበር፤ ያው እጅ ሶዶ ሲመጣ ሰነፍ ሆነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ እምነት ሁለተኛ ልኬት መጨመር ይቻላል። ከመጥፋቱ በፊት የተጫዋቹ ፒንግ ይዋዥቅ ነበርን? ከአንድ መረብ ብዙ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ጠፍተዋልን? ሰውዬው የሚጠፋው ሲሸነፍ ብቻ ነው ወይስ ሲያሸንፍም? የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ እንኳ ብዙ ይገልጣል፤ መብራት ውጤት አይቶ አይጠፋምና። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለው ጌም፣ ገና በመነሻው ተጫዋች የጎደለበት ቡድን ድምፅ ሰጥቶ ግጥሚያውን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ደንብ የሰው ሥራ ስለሆነ ይሻሻላል፤ የብርሃን ፍጥነት ግን አይሻሻልም።

ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ገንዘብም በስልክ ይተላለፋል። ነገ እንዲህ ያለውን ሥርዓት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። «ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ ነው» የሚል አንድ መስመር ኮድ መጻፍ ቀላል ነው፤ ዝምታው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግን የሳይንቲስት ግዴታ ነው።

እስከዚያው በዳሞታ ላይ ደመና ሲጠቁር ግጥሚያ አትጀምሩ፤ አራት ሰዎች ይጠብቋችኋል። የቤት ሥራውንም አስቀድማችሁ ጨርሱ።